የረዘመው ጸሎት

«ደም የነካውን ለብቻ አድርጊው» አለ ሚስዮናዊው።

«ለብቻ አድርጌዋለሁ» አለች ነርሷ።

የይለፍ ቃላቸው ይኸው ነበር። የልብስ ማጠቢያ ቤቱ ማሽኖች ይጮኻሉ፤ እንፋሎቱ ዓይን ያቃጥላል። ሁለቱ ከጋሪው ግራና ቀኝ ቆመው የእስር ቤቱን ክሊኒክ አንሶላ ያጥፋሉ። ጫፍና ጫፍ ይዘው ይጠጋጋሉ፣ መልሰው ይራራቃሉ። በአንደኛው መጠጋጋት እጃቸው ተነካካ። ከጥፍር የማትበልጥ የፎቶ ካርድ ከእሷ መዳፍ ወደ እሱ አለፈች።

ካርዷ ላይ የእስረኞች ሬሳ ፎቶ አለ። «በልብ ሕመም ሞቱ» ተብሎ ለቤተሰብ የተነገረላቸው ሰዎች ናቸው። ነርሷ ጀርባቸውን አጥባ ገንዛለች፤ የልብ ሕመም ጀርባ ላይ ግርፋት እንደማያወጣ ደግሞ እንኳን ነርስ ሕፃንም ያውቃል። ሲበዛባት ፎቶ ማንሳት ጀመረች።

በሩ ላይ አንድ ሰው ጋዜጣ ይዟል። ገጹን ከገለበጠ ቆይቷል።

ሚስዮናዊው አየው። ማጠፉን ቀጠለ።

«ነገ ጠዋት እዚሁ» አለ በጥርሱ መሀል። «መንገዱን ያኔ ትሰሚያለሽ። ትንሽ ቦርሳ ብቻ።»

«አባቴም ይመጣል።»

«ምን?»

«አባቴ። እግሩ እሺ አይለውም፤ በክራንች ነው የሚሄደው።»

«ብቻዬን ነኝ አላልሽኝም?»

«አባት አለኝ ብልህ እሺ ትለኝ ነበር?»

አንድ ሰው ደብቆ ማውጣት ራሱ ፈተና ነው፤ ክራንች ተጨምሮበት! ቀና ብሎ ሊቆጣት ሲል ፊቷን አየ። ዓይኗ ከእሱ ላይ ንቅንቅ አይልም።

«ለማን ልተወው? ለእነሱ?» አለች። «ካልሆነ ካርዱን መልስልኝ።»

«ይዘሽው ነይ» አላት።

ይህን ነገር ለማንም ላለመናገር የወሰነው እዚያው ነው። የላከው የስለላ ቢሮ ሽማግሌ አባት እንዳለ ከሰማ ጉዞውን ይሰርዘዋል። በቢሮው ወረቀት ላይ እንኳን አባት ሊኖራት ሰውም አልነበረችም፤ «ጥቅል» ነበር የሚሏት። ሰውን ጥቅል! እሱን ደግሞ «መቅረዝ» ብለውታል። አለቃው «ድልድይ» ነው። እንዲህ ያለውን ስም የሚያወጣ ሰው ምሳውን በልቶ ሲጨርስ የሚያወጣው ይመስለዋል።

በዚያች የወደብ ከተማ ግን ሁሉም የሚያውቀው «ሚስዮናዊው» ብሎ ነው። ጫኝ አውራጆችን ፊደል ያስቆጥራል፣ አሮጌ ልብስ ያድላል፣ በማጠቢያ ቤቱ በነፃ ያገለግላል፣ የሞተ ይቀብራል። ወንጌሉን ቢሮው ነው ያስጠናው። ጥናቱ ጥሩ ስለነበር ማንም ጠርጥሮት አያውቅም።

ከማጠቢያ ቤቱ ሲወጣ ጋዜጣ ያዡ አልተከተለውም። ሴትየዋን ሊጠብቅ ቀረ። መቅረዝ በሁለት ጠባብ መንገድ ዞሮ ታክሲ ያዘ። ታክሲው የማንም ታክሲ አይደለም፤ ሹፌሩ የቢሮው ሰው ነው።

«ሰጠችህ?»

«ወንበሩ ስር ነው።»

«ነገስ?»

«እንደተባለው። ከቀትር በኋላ፣ ከጀልባው መግቢያ።»

«ብቻዋን?»

«ከማን ጋር ልትሆን ነው?»

ሹፌሩ በመስታወቱ ትንሽ አየውና ሳቀ። መቅረዝ ሳቁን ያኔ ልብ አላለውም።

*

ቀኑ እሑድ ነበር፤ እሑድ ከሰዓት በኋላ የስልክ ጸሎት አለ።

ሀገር ቤት ያሉት ወዳጆቹ በየቤታቸው ሆነው ወደ አንድ መስመር ይደውላሉ፤ እሱም ከባሕር ማዶ ይገባል። የማኅበሩ መሪ እትዬ ናቸው፣ ጡረታ የወጡ አዋላጅ። መካኒኩ አለ፤ እጁ ዘይት ስለሆነ ስልኩን በትከሻው ይዞ ነው የሚጸልየው። ዘመኗን ሁሉ አንደኛ ክፍል ያስተማረችው መምህርት አለች። ሽማግሌው አሉ፣ ድምፃቸው ማር የሆነ። እትዬ፣ መካኒኩና መምህርቷ እውነተኛ አማኞች ናቸው፤ ወንድማችን በሰው ሀገር ወንጌል ይሰብካል ብለው ነው የሚጾሙለት። ሽማግሌው ግን «ድልድይ» ናቸው። መቅረዝ ምን ደረሰበት የሚለውን የሚሰሙት ከዚያው ከጸሎት መስመር ነው። «ጉልበቴን አሞኛል፣ ጸልዩልኝ» ካለ እየተከታተሉኝ ነው ማለቱ ነው። «መንገደኛ አለብኝ» ካለ ነገ ሰው አወጣለሁ ማለቱ ነው።

የዋሆቹ ታዲያ ስለዚያ ጉልበት ምን ያላሉት አለ! መካኒኩ የፈረስ ቅባት ሞክር ብሎታል። እትዬ በእጃቸው የጉልበት ሹራብ ሠርተው ልከውለታል። ሹራቡን ባየው ቁጥር ያፍራል።

«ዛሬስ ጉልበትህ እንዴት ነው ልጄ?» አሉ እትዬ።

«ዛሬ ደህና ነው። ግን ነገ መንገድ የምትወጣ አንዲት እህት አለች። እሷን አስቡልኝ።»

በማኅበሩ ወግ አንዱ የተናገረውን የጸሎት ርዕስ ሌላው ይቀበለዋል፤ ተቀብሎም ያሰፋዋል። አሳጥሮ አሜን ማለት ንፉግነት ነው፤ እትዬ አይምሩም። መካኒኩ ጸለየ፣ መምህርቷ አለቀሰች። ተራው የሽማግሌው ሆነ።

«አባት ሆይ፣ እህታችንን በሰላም አድርሳት። አሜን።»

«ምነው ጋሼ!» አሉ እትዬ። «እግዜርን ታክሲ ውስጥ ነው እንዴ ያገኙት? ወራጅ አለ ሊሉ ነው?»

መካኒኩ ሳቀ። መምህርቷም በእንባዋ መሀል ሳቀች። ሽማግሌው ራሳቸው ሳቁ፤ በጸሎት መታማት ማንም አይወድምና ጉሮሯቸውን ጠርገው እንደገና ገቡበት። እንደ ማር ፈሰሱ። መንገዱን አቅና አሉ። ማዕበሉን ገሥጽ አሉ። ሞቅ አላቸው።

«ያንንም በክራንች እየተደገፈ ከኋላዋ የሚከተላትን ሽማግሌ አባቷን፣ ጌታ ሆይ፣ አንተ ምርኩዝ ሁነው!»

«አሜን!» አሉ ሁሉም።

መቅረዝ አሜን አላለም።

ክራንች?

ስለ ክራንች ማን ተናገረ?

እሱ አልተናገረም። ለሹፌሩ አልነገረውም፤ ለቢሮው አልነገረም። የነርሷን አባት የሚያውቀው እሱ፣ ራሷ ነርሷ እና ቤቷን ቀን ተሌት የሚጠብቁት የእስር ቤቱ ሰዎች ብቻ ናቸው። ታዲያ ሽማግሌው ከማን ሰሙት?

ከእነሱ ነዋ።

አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም የሚባለው ለዚህ ነው። ዕድሜ ልኩን ምስጢር ሲጠብቅ የኖረ ሰው በጸሎት እንዳይበለጥ ብሎ ራሱን አጋለጠ። ከዚህ ወዲያ አንቱታ የለም። ሽማግሌው ካርዷን ተቀብሎ ሴትየዋን መልሶ ሊያስረክባት ተዋውሏል። ነገ ጀልባው መግቢያ ላይ የሚጠብቋት ገዳዮቿ ናቸው። እጇን ይዞ የሚያደርሳት ደግሞ መቅረዝ ነው።

እሳት ለበሰ፣ እሳት ጎረሰ። ስልኩን ከግድግዳ ጋር ሊያላትመው ፈለገ። አፉን ሞልቶ ሊሰድበው ፈለገ፣ ያንን ማር ድምፅ።

«ምነው ልጄ ዝም አልክ? ጉልበትህ ተነሣብህ እንዴ?» አሉ እትዬ።



«አይ እትዬ። እንዲያውም እንደ ዛሬ ተሽሎኝ አያውቅም።»

*

የቢሮው ሕግ አንድ ነው፤ ከጸሎቱ መስመር ውጭ ለወዳጆቹ መደወል ክልክል ነው። መቅረዝ ዳቦ ቤት ገባና ጋጋሪውን ስልክ ለመነው። ለእትዬ ደወለ።

«እትዬ፣ ብቻዎን ነዎት?»

«ብቻዬን ነኝ። ምነው፣ ምን ሆንክ?»

«እኔ ሚስዮናዊ አይደለሁም።»

«እና ምንድን ነህ?»

«ሰላይ ነኝ።»

ጋጋሪው ከበስተኋላው ዱቄት ያራግፋል።

«ጉልበትህስ?» አሉ በመጨረሻ።

«ታሞ አያውቅም።»

«ታሞ አያውቅም!» ድምፃቸው ጋጋሪው ድረስ ተሰማ። «በዚህ ባረጀ ጉልበቴ ስለ አንተ ጉልበት ስንት ጊዜ ተንበርክኬያለሁ! ተንበርክኬ መነሣት አቅቶኝ ጎረቤት እየጠራሁ! ዓይን የለህም? ሰው አይደለህም አንተ?»

«ይውቀሱኝ፣ ይርገሙኝ። ግን ነገ ሁለት ሰዎች ሊሞቱ ነው፤ ዛሬ የጸለያችሁላት ልጅና አባቷ። ሽማግሌው ነው አሳልፎ የሰጣቸው።»

ሁሉንም ነገራቸው። ሳያቋርጡት ሰሙ። አዋላጅ ናቸው፤ ነገር ሲከር እጃቸው አይንቀጠቀጥም።

«ቆይ» አሉ። «መጀመሪያ ሰዎቹን እናውጣ። አንተን ከዚያ በኋላ እደርስብሃለሁ።»

«በምን እናወጣለን?»

«ባዶ ጠርሙስ ጭኖ ድንበር የሚመላለስ የወንድሜ ልጅ እዚያው አለልህ፣ ሂድና ዘመድ አድርገው እያልኩ አፌ እስኪደርቅ የለመንኩህ ለምን መሰለህ? ሥራ በዛብኝ ነበር መልስህ! የምን ሥራ እንደሆነ አሁን ገባኝ። የት ይምጣ? ቶሎ በል!»

*

በማግስቱ ጠዋት ነርሷ አባቷን ይዛ ማጠቢያ ቤቱ ደረሰች። ጋዜጣ ያዡም ተከትሏት መጥቶ በፊት ለፊቱ በር ቆመ። አላስቆማቸውም፤ የተፈለገው ወደብ ላይ ከነሚስዮናዊው እጅ ከፍንጅ መያዝ ነበር።

መቅረዝ ሁሉንም ባጭሩ ነገራት። ነርሷ አላለቀሰችም። በጥፊ መታችው።

«እጄን ዘርግቼ የሰጠሁህ ካርድ ነው መሸጫዬ የሆነው?»

«አዎ» አለ። «አሁን በጓሮ በር ውጡ።»

በጓሮ በር የጠርሙስ መኪናው ቆሟል። የእትዬ ወንድም ልጅ በር የሚያክል ሰው ነው፤ ሳጥኖቹን በደረት ቁመት ደርድሮ መሀላቸው ሁለት ሰው የሚያስቀምጥ ክፍት ቦታ ትቷል።

«አክስቴ በጥፊ ምታልኝ ብላኝ ነበር» አለው መቅረዝን። ጉንጩን አየና «ቀድመውኛል» አለ።

«አባባ፣ አንዱን ክራንች ይስጡኝ» አለ መቅረዝ።

አባትየው ከላይ እስከ ታች አዩት። «ሚስዮናዊው አንተ ነህ? ክራንቼን ቀምተህ ነው የምትፈውሰኝ?»

«እባክዎ አባባ፣ ጊዜ የለም።»

«እንካ። ካልተራመድኩ ግን እከስሃለሁ።»

መኪናው ሲነሣ ጠርሙሶቹ ተንኳኩ። መቅረዝ ወደ ውስጥ ተመልሶ ትልቁን ጋሪ በእርጥብ አንሶላ ሞላው፤ ሁለት ሰው የተኛበት እስኪመስል ከመረው። ክራንቹን ጫፉ ብቻ እንዲታይ ከአንሶላው ስር ወሸቀው። በፊት ለፊቱ በር ገፍቶ ወጣ።

ጋዜጣ ያዡ ጋሪውን አየ። ክራንቹን አየ። ጋዜጣውን አጠፈ።

ተከተለ።

ወደቡ ጫኝ አውራጆች ሞልተውበታል። ከጀልባው መግቢያ አጠገብ ታክሲው ቆሟል። ሹፌሩ በሩ ላይ ተደግፏል። ጫማቸው የሚያብረቀርቅ ሰዎች እዚህም እዚያም ቆመዋል፤ በዚያ ጭቃ ውስጥ የሚያብረቀርቅ ጫማ! መቅረዝ ወደ መግቢያው አልቀረበም። በጫኝ አውራጆቹ መሀል ጋሪውን አቆመና የሲሚንቶ ክምር ላይ ወጣ።

«ወንድሞቼ!» ብሎ ጮኸ። «ሥራ አቁሙና ስሙኝ!»

ያውቁታል፤ ሳቁ፣ ተሰበሰቡ። ሥራ የሚያስፈታ ስብከት ማን ይጠላል?

እስከዚያ ቀን የሰበከው በቃል ያጠናውን ነበር። ያን ቀን ግን ከሆዱ ተናገረ።

«ጅብ በግ ቢበላ አልቀየመውም፤ ጅብ ነው! እረኛውን ግን ምን ልበለው? በአንድ እጁ እየባረከ በሌላው እጁ በረቱን የሚከፍት እረኛ! ስሟን እየጠራ የሚጸልይላትን በግ ለጅብ የሚያስረክብ እረኛ!»

«እውነት ነው!» አለ አንድ ጫኝ።

«የዚያ እረኛ ጸሎት ራሱ ላይ ይዝነብበት!»

ሹፌሩ ሰው እየገፋ መጣ። ስልኩን ወደ ላይ ዘረጋለት። «አለቃው ነው። ውረድ።»

መቅረዝ አልወረደም። እዚያው ክምሩ ላይ ሆኖ ስልኩን ጆሮው ላይ አደረገ።

«ምን እያደረግክ ነው?» አለ ሽማግሌው።

«እየሰበክሁ።»

«ጥቅሉን አስረክብና ውጣ። አንተን አይነኩህም።»

«ጥቅል አይደለችም።»

«ስማ፣ እስር ቤታቸው ውስጥ የእኛ ሰው አለ። እሷን ሰጥተን እሱን እንቀበላለን። እምቢ ካልክ እዚያ ይበሰብሳል፤ ነፍሱ በአንተ ላይ ነው።»

እውነት ይሆን? ውሸት ይሆን? ከዚያ አፍ የወጣውን ማን ይለየዋል?

«እሷም የእኛ ነበረች» አለ። «አምናን ነው ካርዱን የሰጠችን።»

«ልጅ አትሁን።»

«በክራንች የሚሄደውን አባቷን ማን ነገረህ?»

ሹፌሩ ስልኩን ሊነጥቀው ተንጠራራ።

«እትዬን አመስግን» አለ መቅረዝ። «ጸሎትህን እሳቸው ናቸው ያስረዘሙት።»

ስልኩን ባሕሩ ውስጥ ወረወረው። ስብከቱን ቀጠለ። መኪናው የድንበሩን ኬላ የሚያልፍበትን ጊዜ በልቡ እየገመተ፣ ጉሮሮው እስኪነቃ፣ ጫኝ አውራጆቹም ተሰላችተው መበታተን እስኪጀምሩ ጮኸ። በመጨረሻ ባለ ጫማዎቹ ትዕግሥታቸው አለቀ። አንዱ ዘሎ አንሶላውን ገፈፈው።

አንሶላ።

ከስሩም አንሶላ።

ሰውየው ክራንቹን መዘዘ። መጀመሪያ የመታው በእሱ ነው።

*

ምን እንዳደረጉት መዘርዘር አያስፈልግም። ቢሮው ተጠየቀና «አናውቀውም» አለ። ነፍሱን ያዳኑለት እነዚያ ጫኝ አውራጆች ናቸው፤ ሚስዮናዊያችንን አምጡ ብለው ሥራ አቆሙ፣ መርከቦቹ ሳይራገፉ ቆሙ። እስር ቤቱ አንድ እብድ ሰባኪ ለመያዝ ብሎ ወደብ መዝጋት አልፈለገም። የጎድን አጥንቱን ሰብረው፣ የግራ ጆሮውን አደንቁረው ድንበር ድልድይ ላይ ጣሉት።

ከድልድዩ ማዶ ካለች ሱቅ ለእትዬ ደወለ። ስልኩን በቀኝ ጆሮው ያዘ።

«ደረሱ» አሉ፤ ሰላምታ የለም። «ልጅቷ ተኝታ ነው የምትውለው። አባቷ የወንድሜን ልጅ ሚስት በሳቅ ሊገሏት ነው።»

«እግዚአብሔር ይመስገን።»

«ተው! በእኔ ጆሮ ስሙን እንዳትጠራ!»

ስልኩን ይበልጥ ወደ ቀኝ ጆሮው አስጠጋ።

«መካኒኩ አለቀሰ» አሉ እትዬ። «መምህርቷ እስካሁን አላመነችኝም። ያኛው ደግሞ ዓይኑን በጨው አጥቦ እሑድ ደወለ። እስቲ ይጸልዩ አልኩት። ሁላችንም እየሰማን ነው፣ ይጸልዩ። ዘጋው።»

«እትዬ፣ እሑድ እኔ…»

«አትደውል።»

«ይቅር አይሉኝም?»

«ይቅር ማለትማ ግዴታዬ ነው፤ እለዋለሁ፣ ቀኑን አላውቀውም። ግን አትደውል። የጸለይንለት ሰው አንተ አልነበርክም።»

«ጸሎቱስ?»



«ጸሎቱማ እውነት ነበር! እኔን የሚያቃጥለኝስ እሱ አይደል?»

ስልኩ ተዘጋ።

*

ካርዱን ቢሮው ደብቆ አስቀረው። ነርሷን ግን ማን ይደብቃት? በሬዲዮ ወጥታ የገነዘቻቸውን ሰዎች በየስማቸው እየጠራች ተናገረች። ክሊኒኩ ተዘጋ፤ የእስር ቤቱ ሹም ተነሣ። እስር ቤት አለ የተባለው የቢሮው ሰው ይኑር አይኑር እስከ ዛሬ ለመቅረዝ የነገረው የለም። ይህ ነገር እንቅልፍ ይነሣዋል፤ ሲነሣው ይናደዳል፣ ሲናደድ መልሶ ይነቃል።

የነርሷን ድምፅ የሰማው በሌላ ከተማ፣ ቀለም ፋብሪካ ውስጥ በርሜል እያንከባለለ ነው። ሠራተኞቹ «ደንቆሮው» ይሉታል፤ ከዚያ ያለፈ የሚያውቁት የለም። አብሮት የሚሠራው ሰው ሬዲዮኑን ከፍ አድርጎ «አይ ጀግና! ማን አወጣት ይሆን?» ሲል እሱ በርሜሉን ወደ መጋዘን ገፋ።

ቅዳሜ ማታ መውጫ ላይ ተቆጣጣሪው ጠራው።

«ነገ የሚገባ ሰው ጎድሎኛል። እሑድ ብዬ ስጠይቅ ሁሉም ያኮርፈኛል።»

«እኔ እገባለሁ።»

«ሁልጊዜ አንተ ብቻ? ዘመድ፣ ወዳጅ፣ እሑድ የሚጠብቅህ ሰው የለህም እንዴ?»

«ነበሩ» አለና ጓንቱን አውልቆ ለነገ ኪሱ ውስጥ ከተተ።